ቡናውን እሳቸው ያፍሉት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታት። ግፊት ነበረባት፤ መድኃኒቱን አንዴ ስትወስድ አንዴ ስታቆም ነበር። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከመ፣ ንግግሯም ይያዛል። አሁን አልሐምዱሊላህ በከዘራ ቤት ውስጥ ትራመዳለች። እጇ ግን ጣቶቿን ትንሽ ከማንቀሳቀስ ያለፈ ነገር የለውም። እኔ ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ነኝ። አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ አጎርሳታለሁ። ባለፈው ጎረቤቶች መጥተው ቡና ላፈላ ስቀመጥ ረከቦቱን በግራ እጇ ወደ ራሷ ሳበችው። “ተይ እማ፣ ትቃጠያለሽ” ብዬ መለስኩት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር መቀመጥ ትታለች። ወንድሜ ያለው ኮምቦልቻ ነው። “ደሴ ብርድ ነው፣ ቤቱም ዳገት ላይ ነው፣ እኔ ጋ ትምጣ፣ ሠራተኛ እቀጥርላታለሁ” ይላል። አክስቴ ደግሞ “ሰባት ወር ያለፈው እጅ አይመለስም፣ አታድክሟት” ትላለች። ወጌሻ ይሻት የሚሉም አሉ። ግራ ገባኝ፤ ምን ላድርግ? — ልጇ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ።

እናትሽ ረከቦቱን የሳቡበትን ቀን የጻፍሽልኝ እንደ ክፉ ቀን ነው። እኔን ደግሞ ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው። ማንም ሳይለምናቸው ሥራ ፈለጉ። “ተነሺ ብንላት እምቢ አለች” የሚል ስንት ቤተሰብ አለ መሰለሽ። አንቺ ይቃጠላሉ ብለሽ ፈርተሻል፤ ፍርሃትሽም ልክ ነው፣ ስለ እሳቱ እመለስበታለሁ። ምክሬ ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ ቡናውን እሳቸው ያፍሉት። ሁሉንም ዛሬ ማለቴ አይደለም። ዛሬ አንዱን ክፍል፣ እሱ ሲለመድ ሌላውን።

መጀመሪያ የአክስትሽን ነገር እንጨርስ። ከስትሮክ በኋላ ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ነው። አክስትሽ የሰሙት ይህን ሳይሆን አይቀርም፤ እውነትም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለውጡ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ገቡበት። ግማሽ ያህሉ ደህናውን እጃቸውን አብዛኛውን ቀን በጓንት ሸፍነው፣ የደከመውን እጅ ለሁለት ሳምንት በብርቱ አሠሩት። የእነዚህ ሰዎች እጅ ከሌሎቹ ተሻለ። ልዩነቱ ከዓመት በኋላም አልጠፋም።

አንቺ ግን ይህን ሰምተሽ የእናትሽን ግራ እጅ እንዳታስሪ። እሳቸው ከዘራ የሚይዙት በሱ ነው፤ ይወድቁብሻል። ዘዴው የእጅ አንጓቸውን ቀና ማድረግና ጣታቸውን መዘርጋት ለጀመሩ ሰዎች ብቻ የሚሆን ነው። በባለሙያ ታይቶ የሚወሰን ነገር ነው። ጥናቱን የጠቀስኩልሽ “ሰባት ወር አልፏል” የሚለው ወሬ ተስፋ እንዳያስቆርጥሽ ነው።

አንጎል ውስጥ የሞተው ክፍል ተመልሶ አይነሳም። በዙሪያው ያለው ደህና ክፍል ግን ሥራውን መረከብ ይችላል። ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ላይ መንገዱ በናዳ ሲዘጋ ሰው በጎን ቀጭን መንገድ ያወጣ የለ? ብዙ እግር ሲሄድበት ይሰፋል፣ የሚሄድበት ሲጠፋ ሣር ይውጠዋል። የእናትሽም እጅ እንዲሁ ነው። የሚፈልገው መደጋገም ነው፤ ትርጉም ባለው ሥራ ላይ የሚደረግ መደጋገም።

አሁን እቤታችሁ ያለውን ተመልከች። ቀኝ እጃቸው ቀርፋፋ ነው። ግራው ይቀድመዋል። ያንቺ እጅ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል። ስለዚህ ቀኙ አንድም ቀን ተራ አይደርሰውም። መንቀሳቀስ የሚችለውን ያህል እንኳ መንቀሳቀስ ይተዋል። ስትሮክ በመታቸው ሰዎች ላይ በጣም የታወቀ ነገር ነው፤ ጡንቻው አቅም እያለው አንጎል እጁን ከሥራ ያስወጣዋል።

ይህን ለመመለስ የሚሠራ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ሙያ አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ በእንቅስቃሴ፣ በጡንቻና በአረማመድ ላይ ያተኩራል። ይኼኛው ባለሙያ ደግሞ “በቀንዎ ውስጥ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?” ብሎ ይጀምራል። መልበስ፣ መታጠብ፣ ሶላት፣ ምግብ፣ ቡና። ከዚያ ሥራውን ራሱን ሕክምና ያደርገዋል፤ ይከፋፍለዋል፣ ያቀለዋል፣ ዕቃውንና ወንበሩን ለሰውየው እንዲስማማ ይለውጠዋል። ለአገራችን አዲስ ሙያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ባለሙያው አጠገብሽ ባይኖርም አካሄዱን መዋስ ትችያለሽ።

ወደ ቡናው ልምጣ። መጀመሪያ አቀማመጣቸው ይስተካከል። ዱካ ላይ አይቀመጡ፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥም መነሳትም ይከብዳቸዋል። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይሁን፣ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት ይርገጡ። ረከቦቱ ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። “ቡና በጠረጴዛ!” የሚል ጎረቤት ይኖራል፤ ይበል። ቀኝ ክንዳቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ አይቅር። ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፣ ዓይናቸው ያየው።

ለቀማው ከሁሉ የሚሻል መጀመሪያ ነው። ቡናውን ትሪ ላይ በትኚላቸው። ጣቶቻቸው ፍሬ ማንሳት ካልቻሉ መግፋት ይበቃል፤ ጥሩውን ወደ አንድ ጥግ፣ የተበላሸውን ወደ ሌላ። ይህን ለአሥር ደቂቃ መሥራት “ጣትዎን ያንቀሳቅሱ፣ አንድ፣ ሁለት” ከማለት በብዙ ይበልጣል። እጠባውንም ለሳቸው ስጪ። ቀኝ እጃቸው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ግራው ከላይ ሆኖ ይምራው፣ አብረው ይሹት። ወቀጣው ላይ ቀኙ ሙቀጫውን አቅፎ ይያዝ፣ ግራው ይውቀጥ። ሙቀጫው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጊ። መያዝ ብቻ ቢሆንም እጁ ሥራ ላይ ነው።

ቁላቱን ለጊዜው አንቺ ያዢው። ስትሮክ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ስሜትም ይወስዳል። ሞክሪው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ቀዝቃዛ ማንኪያ፣ አንዴ ለብ ባለ ውሃ የሞቀ ማንኪያ ቀኝ እጃቸው ላይ አድርጊና ለይተው ይንገሩሽ። ካልለዩ ያ እጅ እሳት ሲነካው አያውቅም። ፍሙ፣ ምጣዱና የሞቀው ጀበና ከቀኝ ጎናቸው በፍጹም አይቀመጡ።

መቅዳቱ የመጨረሻው ይሁን። ትንሽ ጀበና ፈልጊ፣ እስከ ግማሹ ቀዝቃዛ ውሃ ሙይው፣ ሲኒዎቹን አራርቀሽ ደርድሪ። በግራ እጃቸው ይቅዱ፤ ቀኙ ረከቦቱን ይዞ ይርዳ። ይፈሳል፤ ውሃ ነውና ምንም አይደል። እጃቸው ሲረጋ ለብ ወዳለው፣ ከዚያ ወደ ቡናው። አቦሉን አንቺ፣ ቶናውን እሳቸው ብትቀዱ ማንም አይከፋውም። ሲደክማቸው ይብቃ፤ የስትሮክ ድካም ስንፍና አይደለም፣ የሕመሙ አካል ነው። ከቀኑ ሰዓት ንቁ የሚሆኑበትን ምረጪ።

ሌላም ዘዴ ልጨምርልሽ። ሥራውን ከመጀመሪያው አስጀምረሽ መሐል ላይ ከምትቀበያቸው፣ አንቺ ጀምረሽ መጨረሻውን ለሳቸው ተይ። ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚት አስገቢ፣ የቀረውን እሳቸው ይሳቡት። ቀሚሱን አልብሰሽ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተያቸው። “ጨረስኩ” የሚለው ስሜት የሳቸው ይሆናል። ከሳምንት በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። እጅሽ ለመርዳት ሲቸኩል ደግሞ በሆድሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ለተመልካች ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ እናትሽን ቀስ በቀስ የሚያስችላቸው ግን ይህ ትዕግሥት ነው።

ለልብስ የምትይዣት ሕግ አጭር ናት፤ ሲለብሱ የደከመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ ደህናው ይቅደም። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይሁን። ለደሴ ብርድ ሹራብ ስትገዢ ከፊት የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፊ የሆነ ምረጪ።

ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አናጺ ጋ ሄደሽ መሐሉ የተበሳ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አሠሪ። የፕላስቲክ ወንበር ቆርጠሽ እንዳትሞክሪ፤ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል። በግራ እጃቸው በኩል መያዣ የብረት ቧንቧ ይኑር። ግድግዳው የጭቃ ቤት ግድግዳ ከሆነ አይሸከምምና ቧንቧው ከወለሉ ይነሳ፤ ብየዳ ቤት ይሠራልሻል። ሲታጠቡም ተቀምጠው ነው።

ዳገቱና ደረጃው ላይ፣ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የደከመው። አንቺ በቀኛቸው ሁኚ፤ ሲወጡ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሲወርዱ ትንሽ ወደ ፊት ብለሽ ቁሚ። ክንዳቸውን አትያዢ። ወገባቸው ላይ መቀነት እሰሪና መያዣሽ እሱ ይሁን።

ክንድ ስል ወጌሻውን አስታወስኩ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከስትሮክ በኋላ ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለሚደክሙ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይላቀቃል። የተጎተተ፣ የተጠመዘዘ ትከሻ ለወራት የማይለቅ ሕመም ያመጣል። የሚያመው እጅ ደግሞ ሥራ አይሠራም። ችግሩ ያለው አንጎል ላይ ነው፤ የወለቀ አጥንት የለም፣ የሚመለስም ነገር የለም። ወጌሻ እንዳይነካቸው። አንቺም ከአልጋ ስታነሽያቸው በብብታቸው ገብተሽ ወይም እጃቸውን ይዘሽ አትሳቢ። ሲተኙና ሲቀመጡ ክንዱ በትራስ ይደገፍ።

የማጉረሱን ነገር ሳልነካው ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ጉርሻ በእኛ አገር ፍቅር ነውና። ግን ስትሮክ መዋጥንም ያውካል። ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ያስላቸዋል? ድምፃቸው እንደ እርጥብ ይሆናል? ከሆነ ለሐኪም ንገሪ፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በማንኛውም ሁኔታ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንንሹ ይብሉ። ትልቅ ጉርሻ ይቅር፣ ለእንግዶችም ንገሪያቸው። ማንኪያ የሚሞክሩ ከሆነ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልለሽ አወፍሪው፤ ወፍራም እጀታ ለደከመ እጅ ይቀላል። ፍትፍት በጎድጓዳ ሳህን፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ።

በግራ እጅ መቁረስ ለእናትሽ ሐፍረት ሊሆንባቸው እንደሚችል አውቃለሁ። ቀኙ የማይሠራ ሰው በግራው ቢበላ ችግር ስላለበት ይፈቀድለታል። ይህን ካንቺ ይልቅ ከሚያከብሩት ሸኽ አፍ ቢሰሙት ልባቸው ያርፋል። ሶላቱንም ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ይችላሉ። ውዱዕ ደግሞ ለሳቸው ሁለት ጥቅም አለው። በቀን ደጋግመው የደከመውን ክንድ እስከ ክርን በግራ እጃቸው ያጥቡታል፤ ያዩታል፣ ይዳስሱታል፣ ይዘረጉታል። ውሃውን አንቺ አፍስሺላቸው፣ ማሸቱን ግን ለሳቸው ተይ።

አሁን ወንድምሽ። ክፉ አላሰበም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም ሐረጎን ወርደሽ ስትደርሺ አየሩ ሌላ ነው። ለደከመ እግር ዳገት ያነሰበት ይሻላል፣ ብርድም የተኮማተረ ጡንቻን ይበልጥ ያኮማትራል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ እኔ ዛሬ ይሂዱ አልልም። ስትሮክ የመታው ሰው ሥራን የሚለምደው በሚሠራበት ቦታ ነው። በራሳቸው ቤት ስኳሩ የት እንዳለ፣ ደፉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሰውነታቸው ያውቃል። የቡና ጎረቤቶቻቸውም እዚያው ናቸው። አዲስ ቤት፣ አዲስ ሠራተኛ፣ ሁሉን ነገር የምትሠራላቸው ሰው፤ በዚህ ቤት ቀኝ እጃቸው ጨርሶ ሥራ ያጣል። ወንድምሽ ለሠራተኛ ያሰበውን ገንዘብ ለደሴው ቤት ቢያውለው ምን ይመስልሻል? የሽንት ቤቱን ወንበር፣ ቧንቧውን፣ በሳምንት ጥቂት ቀን አንቺን የምትተካ ሰው። አንቺም ወደ ሥራሽ ቀስ በቀስ ትመለሻለሽ። መመለስ አለብሽ። ብቻውን የሚያስታምም ሰው ራሱ ይታመማል።

ደሞ ልብ ያልኩት ነገር አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ የወንድምሽ ሐሳብ አለ፣ የአክስትሽ አለ፣ የሰፈሩም አለ። የእናትሽ የለም። ንግግራቸው ስለሚያዝ መጠየቅ ትታችሁ ይሆን? የቀኝ ጎን የሚታዘዘው ከግራው አንጎል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ንግግርም የሚኖረው እዚያው ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የተጎዱት። ቃል ማጣት ግን ሐሳብ ማጣት አይደለም። “አዎ” ወይም “አይ” በሚያስመልስ ጥያቄ ጠይቂ። ሁለት ቀሚስ አንሥተሽ አሳዪና ይምረጡ። ቃሉን ፈጥነሽ ከአፋቸው አትንጠቂ። ኮምቦልቻ መሄድ ይፈልጋሉ? አንድ ሳምንት ሄደው ይሞክሩት፣ ከዚያ እሳቸው ይወስኑ።

ከሰው መራቃቸው ያሳስበኛል። ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። ቡናውን ከጀመሩ በኋላም እንቅልፍና ምግብ ከቀነሱ፣ ሁሌ የሚያለቅሱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ሕክምና አለው። ጠበልም ዱዓም አይከለከልም፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ይህን ሁሉ ብቻሽን ተወጪው ማለቴም አይደለም። ሕንድ ውስጥ 14 ሆስፒታሎች፣ 1,250 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ቤተሰብ ሠልጥኖ እቤት እንዲያሠራ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ከተለመደው አገልግሎት የተለየ ውጤት አልታየም። የቤተሰብ ጥረት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እያየ የሚያስተካክለውን የባለሙያ ዓይን ይተካል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ስለዚህ ደሴ ሆስፒታል ያለውን የፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠይቂ። የደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከልም አለ፤ ስለ እግር ድጋፍና ስለ ከዘራው ቁመት እዚያ አማክሪ። ስትሄጂ “ቡና መቅዳት ይፈልጋሉ፣ ከየት እንጀምር?” ብለሽ ሥራውን ጥቀሽ። “እጇ አይሠራም” ከማለት የተሻለ መልስ ታገኛለሽ።

የግፊቱን መድኃኒት በተመለከተ ቀልድ የለም። ስትሮክ የመታው ሰው ዳግም የመመታት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። “ደህና ነኝ” ቢሉም አይቋረጥ፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። ለብዙ ሰው ግፊቱ ከ130/80 በታች እንዲሆን ይመከራል፤ የሳቸውን ሐኪማቸው ይወስናል። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ከሆነ ጨው ይቅር። ረመዳን ከመድረሱ በፊት ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

እቤታችሁ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ እነዚህን ይወቅ። ፊታቸው በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከባሰበት፣ ንግግራቸው በድንገት ከተበላሸ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ የሚዋጥም የሚጠጣም ነገር አትስጡ። ቀጥታ ሆስፒታል። መጨረሻ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ያዢና በር ላይ ለምታገኚው ሐኪም መጀመሪያ እሱን ንገሪው፤ አንዳንዱ ሕክምና የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ብቻ ነው።